ገበጣን በሺህ የሚያጫውት ፕሮግራም

በመጋቢትና በሚያዝያ የመተማ ቆላ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። በመጀመሪያው ደቂቃ የታየ ፍጥነት አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ይወርዳል ማለት ነው። ገበጣ የሚጫወት ፕሮግራም በዚያ አገር የሚሠራ ሰው ኮዱን ከመነካካቱ በፊት በማለዳ፣ ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ሰክቶ፣ ለአሥር ደቂቃ አስሮጦ በሰከንድ ስንት ጨዋታ እንደሚያልቅ ይጻፍ። ያ ቁጥር ከሌለ የትኛው ማሻሻያ እንደ ረዳ አይታወቅም።

ብዙ ጨዋታ በዘፈቀደ አጫውቶ አሸናፊውን የመቁጠር ዘዴ የተወረሰው ጎ ከተባለው የሰሌዳ ጨዋታ ነው። በርንድ ብሩግማን በ1993 (እ.ኤ.አ.) ኮምፒውተሩ ጎን በዘፈቀደ እስከ መጨረሻው እየተጫወተ አሸናፊውን እንዲቆጥር አደረገ። በ2006 ሬሚ ኩሎም ይህን ከፍለጋ ዛፍ ጋር አጣምሮ ክሬዚ ስቶን የተባለውን ፕሮግራም ሠራ። ፍጥነት የሚፈለገው ለዚህ ነው፦ የ10,000 ጨዋታ ግምት በግማሽ ከመቶ ያህል ይሳሳታል፤ ስሕተቱን በግማሽ ለመቀነስ 40,000 ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ሕጉ ይወሰን። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት የገበጣ አጨዋወት ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ስለዚህ የአካባቢው ተጫዋቾች ይጠየቁ። እዚህ 12 ቤት፣ በየቤቱ 4 ጠጠር፣ በድምሩ 48 እንያዝ። የመጨረሻው ጠጠር ጠጠር ካለበት ቤት ከወደቀ ሁሉም ይነሳና እደላው ይቀጥላል። ብዙ የበላ ያሸንፋል።

ከዚያ ዘገምተኛ ግን ትክክለኛ ፕሮግራም ይጻፍ። ከየእደላው በኋላ በሰሌዳው ያለውና የተበላው ተደምሮ 48 መሆኑን ይፈትሽ። ይህ ፕሮግራም አይጣልም፤ ኋላ ለሚጻፈው ፈጣን ፕሮግራም ዳኛው እሱ ነው።

ትልቁ ጊዜ የሚባክነው ጠጠር አንድ በአንድ ሲታደል ነው። በገበጣ እደላው ስለሚቀጣጠል ብክነቱ ይደራረባል። መፍትሔው አስቀድሞ የተሰላ ሰንጠረዥ ነው። 12 ቤት በ48 የጠጠር ብዛት ሲባዛ 576 መስመር ይሆናል። እያንዳንዱ መስመር የትኛው ቤት ስንት እንደሚጨመርለትና የመጨረሻው ጠጠር የት እንደሚያርፍ ይይዛል። ለአንድ ቤት አንድ ባይት ተሰጥቶ ሰሌዳው በ16 ባይት ከተቀመጠ፣ ሙሉው እደላ በአንድ የመደመር ትእዛዝ ያልቃል። የመደመሪያው ሰንጠረዥ 9 ኪሎባይት ብቻ ስለሆነ ከፕሮሰሰሩ ቅርብ ሜሞሪ አይወጣም። እደላው ማለቂያ እንዳያጣ ግን የዙር ጣሪያ ይበጅለት።

የዕጣው ቁጥርም ይቅለል። ጆርጅ ማርሳሊያ በ2003 ያሳተሙት ኤክስኦርሺፍት የተባለው የዕጣ ቁጥር ማውጫ ቢቶችን በማንሸራተትና በኤክስኦር (XOR) ብቻ ይሠራል፤ ለጨዋታ ይበቃል።

አንዱ ተጫዋች 25 ጠጠር ከበላ ውጤቱ አይገለበጥም፤ ጨዋታው እዚያው ይቁም። በጎም ልዩነቱ በጣም ከሰፋ ማቋረጥ የተለመደ ነው። ፕሮሰሰሩ አራት ኮር ካለው እያንዳንዱ የራሱን ሰሌዳና የራሱን የዕጣ መነሻ ይዞ ይጫወት፤ ድምሩ መጨረሻ ላይ ይሰብሰብ።

አንድ ፈተና ሲቀር ሥራው አላለቀም። ዘገምተኛውና ፈጣኑ ከአንድ የዕጣ መነሻ 100,000 ጨዋታ ይጫወቱ። በአንዱም እንኳ ከተለያዩ ስሕተቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰንጠረዡ ነው፤ በተለይ 12 እና ከዚያ በላይ ጠጠር ዞሮ የተነሳበትን ቤት ሲያልፍ።