የጠፋው መዶሻና የተቀበረው ወርቅ

ልጆች ሆይ፥ የእናንተ ያልሆነ ነገር ወድቆ ብታገኙ ምን ታደርጋላችሁ? ማንም ሰው ባያያችሁስ? ይህ ጥያቄ በአፍ ሲናገሩት ቀላል ነው፤ ያገኙት ነገር በእጅ ላይ ሆኖ ሲያበራ ግን ከባድ ፈተና ነው። ዛሬ የምናነበው በእንግሊዝ አገር የሆነ እውነተኛ ታሪክ ነው። አንድ ሽማግሌ የጠፋ መዶሻ ሊፈልጉ ወጥተው፥ ከ1,500 ዓመት በላይ በመሬት ውስጥ የቈየ ወርቅና ብር እንዴት እንዳገኙ፥ ካገኙትም በኋላ ምን እንዳደረጉ እንማራለን። በዚህ ትምህርት የተጻፉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ስለ መሣሪያው

አስቀድመን ሽማግሌው ይዘውት ስለ ወጡት መሣሪያ ጥቂት እንናገር። ይህ መሣሪያ በመሬት ውስጥ የተሰወረውን ብረት፥ መዳብ፥ ብርና ወርቅ ያለበትን ስፍራ የሚያመለክት ነው። መልኩ እንደ ረዥም ዘንግ ሆኖ፥ በታች ጫፉ እንደ ሰሐን ክብና ጠፍጣፋ ነገር አለበት። በዚያ ክብ ነገር ውስጥ የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ ይገኛል። የኤሌክትሪክ ኃይል በሽቦው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ በዙሪያው የመግነጢስ ኃይል ይፈጠራል፤ ይህም ኃይል ወደ አፈር ውስጥ ይዘልቃል። በዚያ ስፍራ ወርቅ ወይም ብር ወይም ሌላ ብረት ነክ ነገር ካለ፥ በእርሱ ውስጥ ታናሽ የኤሌክትሪክ ኃይል ይቀሰቀሳል፤ እርሱም በተራው የራሱን የመግነጢስ ኃይል ወደ ላይ ይመልሳል። መሣሪያው ይህን መልስ ሲቀበል ድምፅ ያሰማል። እንዲህ ሆኖ ዐይን ያላየውን ጆሮ ይሰማዋል።

በ1881 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት በቈሰሉ ጊዜ፥ ስልክን በመሥራት የታወቀው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በሰውነታቸው ውስጥ የቀረውን ጥይት ለማግኘት እንዲህ ያለ መሣሪያ ሠርቶ ሞክሮ ነበር፤ ነገር ግን አልተሳካለትም። ከዚያም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ ወደ ብሪታንያ የተሰደደ ዩዜፍ ኮሳትስኪ የሚባል የፖላንድ መኰንን ወታደሮች በእጃቸው ይዘው የተቀበረ ፈንጂ የሚፈልጉበትን መሣሪያ ሠራ። ከጦርነቱ በኋላ ሰዎች መሣሪያውን ለሰላም ሥራ ያዙት። በዕረፍት ቀናቸውም በእርሻ ውስጥና በባሕር ዳር እየዞሩ የጥንት ገንዘብና የጥንት ጌጥ መፈለግ ጀመሩ።

ዳሩ ግን ይህ ሥራ ትዕግሥት ይፈልጋል። መሣሪያው በጮኸ ጊዜ ሁሉ ወርቅ አይገኝም። ሰውየው ጐንበስ ብሎ ሲቈፍር ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የዛገ ሚስማር ወይም የጣሳ ክዳን ነው። ከጧት እስከ ማታ ዞሮ ባዶ እጁን የሚመለስበት ቀን ከሚያገኝበት ቀን ይበልጣል።

መዶሻው የጠፋበት ቀን

በምሥራቅ እንግሊዝ፥ ሰፎክ በሚባለው አውራጃ፥ ሆክሰን የምትባል ታናሽ መንደር አለች። በ1992 በኅዳር ወር በዚያች መንደር የሚኖሩ አንድ ገበሬ በእርሻቸው ላይ ሲሠሩ መዶሻቸው ጠፋ። ፈልገው ቢያጡት ወዳጃቸውን አቶ ኤሪክ ሎውስን እንዲረዷቸው ለመኑ። አቶ ሎውስ ከሥራቸው በጡረታ በተሰናበቱ ጊዜ አንድ ብረት ጠቋሚ መሣሪያ በስጦታ ተቀብለው ነበርና፥ መሣሪያቸውን ይዘው ወደ እርሻው ወጡ።

አቶ ሎውስ በቀስታ እየተራመዱ መሬቱን ሲመረምሩ መሣሪያው በኃይል ጮኸ። በቈፈሩም ጊዜ ያገኙት መዶሻውን አልነበረም፤ የብር ማንኪያ፥ የወርቅ ጌጥና ብዙ ገንዘብ ነበረ እንጂ። ጥቂቱን ካወጡ በኋላ መቈፈሩን ተዉ። ከጉድጓዱ ውስጥ ገና ብዙ እንዳለ ያውቁ ነበር፤ ቢሆንም እጃቸውን ሰበሰቡ። ከወዳጃቸው ከገበሬው ጋር ሆነው ለመሬቱ ባለቤትና ለፖሊስ አስታወቁ። የመሬቱም ባለቤት የአውራጃው ምክር ቤት ነበረ።

ልጆች ሆይ፥ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እናስብ። እርሻው ሰፊ ነው፤ ያወቀ ሌላ ሰው የለም። አቶ ሎውስ ሌሊት ተመልሰው ሁሉንም ቈፍረው ሊወስዱ፥ ጥቂት በጥቂትም ሊሸጡት ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን፥ ማንም ባያያቸው፥ የራሳቸው ልቡና እንደሚያያቸው ዐወቁ።

ከመሬት ውስጥ የወጣው

በማግስቱ የጥንት ነገር መርማሪዎች ሊቃውንት ከስፍራው ደረሱ። ወሬው ወጥቶ ሌቦች እንዳይመጡ በምስጢርና በፍጥነት በአንድ ቀን ቈፍረው አወጡት። ይህንንም ያደረጉት እንደ ድንች እየነቀሉ አይደለም። እያንዳንዱ ዕቃ በየትኛው ስፍራ፥ ከየትኛው ዕቃ በላይና በታች እንደ ነበረ እያስተዋሉ፥ አንዳንዱንም ከነአፈሩ እያነሡ ወደ ለንደን ወሰዱት።

በተቈጠረ ጊዜ 14,865 የወርቅ፥ የብርና የነሐስ ገንዘብ ሆነ። ከዚህም ሌላ 200 ያህል የብር የማእድ ዕቃና የወርቅ ጌጥ ተገኘ። ከጌጡ መካከል በትከሻ ላይና በብብት ሥር የሚያልፍ ረቂቅ የወርቅ ሰንሰለት ነበረ። በአንዲት የእጅ አምባር ላይም ዩሊያነ የምትባል እመቤት ስም፥ በደስታ እንድትጠቀምበት ከሚመኝ ቃል ጋር ተጽፎ ነበር። ደግሞ የተፈጨ ቍንዶ በርበሬ የሚቀመጥባቸው አራት የብር ዕቃዎች ተገኙ፤ አንዱ በአንዲት የከበረች ሴት መልክ የተሠራ ነበረ። በዚያ ዘመን ቍንዶ በርበሬ ከህንድ አገር በመርከብ ተጭኖ፥ በቀይ ባሕር በኩል አልፎ ወደ ሮም ግዛት ይገባ ነበር። የአክሱም መንግሥት ወደብ አዱሊስም በዚያው በቀይ ባሕር ዳር ነበረች። እንግዲህ በሩቅ እንግሊዝ አፈር ውስጥ የተገኘ አንድ ዕቃ ስለ እኛም ባሕር ሊናገር እንደሚችል ተመልከቱ።

ይህን ሀብት የቀበረው ማን ነው? ገንዘቡ ራሱ ዘመኑን ይናገራል፤ በላዩ የነገሥታት መልክና ስም አለበትና። ከሁሉ በኋላ የተመታው ገንዘብ የ407 ወይም የ408 ዓመተ ምሕረት ነው። በዚያ ጊዜ ብሪታንያን ይገዙ የነበሩት ሮማውያን አገሪቱን እየለቀቁ ነበር፤ ሰላምም ጠፍቶ ነበር። አንድ ባለጠጋ ቤተ ሰብ ሀብቱን በእንጨት ሣጥን ከትቶ፥ ዘመን ሲሻል አወጣዋለሁ ብሎ የቀበረው ይመስላል። ነገር ግን ሊያወጣው የተመለሰ የለም። ሣጥኑ በሰበሰ፤ ወርቁ ግን ሳይለወጥ ቈየ።

ሊቃውንቱ ሣጥን መኖሩን ያወቁት እንጨቱ ከበሰበሰ በኋላ በቀሩት ማጠፊያዎችና መቈለፊያዎች ነው። በትልቁ ሣጥን ውስጥ ታናናሽ ሣጥኖች እንደ ነበሩ፥ አንዳንዱም ዕቃ በጨርቅና በድርቆሽ ተጠብቆ እንደ ተቀመጠ ለማወቅ ቻሉ። አቶ ሎውስ ሁሉንም ከጉድጓዱ ዘርግፈው አውጥተው ቢሆን ኖሮ፥ ወርቁ ይገኝ ነበር፤ ታሪኩ ግን ይጠፋ ነበር።

ዋጋና ወዳጅነት

የእንግሊዝ መንግሥት ዋጋውን አስገመተ፤ ግምቱም 1,750,000 ፓውንድ ሆነ። ይህ ዋጋ በ1993 ለአቶ ሎውስ ተወሰነላቸው። በዚያን ጊዜ የነበረው ሕግ ላገኘው ሰው እንጂ ለሌላ ክፈል አይልም ነበር። አቶ ሎውስ ግን መዶሻው የጠፋባቸውን ወዳጃቸውን አልረሱም፤ ያገኙትንም ተካፈሉ። ሀብቱ ዛሬ በለንደን በብሪታንያ ቤተ መዘክር ይገኛል። መዶሻውስ? መዶሻውም በኋላ ተገኝቶ ለዚያው ቤተ መዘክር ተሰጠ።

ከዚህ በኋላ በ1996 አዲስ ሕግ ወጣ። እንደዚህ ሕግ ወርቅና ብር የሆነ የጥንት ሀብት ያገኘ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ለሹም ማስታወቅ አለበት። ቤተ መዘክር ከገዛውም ዋጋው ላገኘው ሰውና ለባለመሬቱ ይካፈላል።

ሌላ መንገድ የሄዱ ሰዎች

አሁን ደግሞ ሌላ ታሪክ ስሙ። በ2015 ሁለት ሰዎች በምዕራብ እንግሊዝ፥ በሄርፎርድሺር አውራጃ፥ በዚሁ ዓይነት መሣሪያ ከ1,100 ዓመት በላይ የቈየ ሀብት አገኙ። ወደ 300 የሚገመት የብር ገንዘብ፥ የወርቅ ቀለበት፥ የወርቅ አምባርና ሌላም ጌጥ ነበረ። እነዚህ ሰዎች ሕጉን እያወቁ ያገኙትን ሸሸጉት፤ ገንዘቡንም በስውር መሸጥ ጀመሩ። ነገር ግን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንደሚባለው ነገሩ ተገለጠ። ሁለቱም በ2019 ተፈርዶባቸው ለብዙ ዓመት ወደ ወኅኒ ወረዱ።

ከገንዘቡ የተመለሰው ጥቂቱ ብቻ ነው። ያም ጥቂቱ፥ ንጉሥ አልፍሬድና ጐረቤቱ የመርሲያ ንጉሥ ቼዎልዉልፍ አንድ ዓይነት መልክ ያለው ገንዘብ በየስማቸው ያስመቱ እንደ ነበር ለሊቃውንት አስረዳ። የቀረው ምን ይናገር ነበር? የሸሸጉት ሰዎች ለሕዝብ ሁሉ የሚሆነውን ዕውቀት ሰረቁ። ባለመሬቱን አስፈቅደው ያገኙትንም አስታውቀው ቢሆን ኖሮ፥ ድርሻቸውን በክብር ተቀብለው በቤታቸው ይቀመጡ ነበር።

ስለ አገራችን

የኢትዮጵያም ምድር የአባቶቻችንን ዕቃ በውስጧ ይዛለች። የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በወርቅ፥ በብርና በነሐስ ገንዘብ ያስመቱ ነበር። በመጀመሪያ በገንዘቡ ላይ የጨረቃ ምልክት ነበረ፤ ንጉሥ ኢዛና ክርስቲያን ከሆነ በኋላ ግን በጨረቃው ፈንታ መስቀል ተደረገ። እንግዲህ አንዲት ጥፍር የምታህል ገንዘብ የአንድ መንግሥት ሃይማኖት እንዴት እንደ ተለወጠ ትመሰክራለች። በአክሱም አካባቢ ገበሬ ሲያርስ፥ ዝናብም አፈሩን ሲያጥበው፥ እንደዚህ ያለ ገንዘብ ብቅ ይላል።

ያገኘው ልጅ ለመንገደኛ በጥቂት ብር ቢሸጠው፥ ብሩ በሳምንት ያልቃል፤ ገንዘቡም ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል፤ ከየት እንደ ተገኘም የሚያውቅ አይኖርም። ስለዚህ በ2000፥ በእኛ አቈጣጠር በ1992፥ የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ፥ ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ሁሉ ሳይዘገይ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንዲያስታውቅ ያዛል። የቅርስ ፍለጋ ቍፋሮም ያለ ፈቃድ አይደረግም።

ምክር

ልጆች ሆይ፥ ከመሬት የተገኘ ነገር ባለቤት የሌለው አይምሰላችሁ። የቀበሩት ሰዎች ሞተዋል፤ ነገር ግን ለሚመጣው ትውልድ የተተወ አደራ ሆኗል። «አደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ» ይባላል። እንግዲህ የጥንት ነገር ብታገኙ፥ በድንጋይ አትፈግፍጉት፤ ስፍራውን አትቈፋፍሩት፤ የተገኘበትን ቦታ ምልክት አድርጋችሁ ለወላጆቻችሁና ለመምህራችሁ ንገሩ፤ እነርሱም ለሹም ያስታውቃሉ።

ምናልባት በሕይወታችሁ ዘመን ሁሉ ወርቅ አታገኙ ይሆናል። ነገር ግን የባልንጀራችሁ እርሳስ፥ የጐረቤት ቢላዋ፥ ከገበያተኛ የወደቀ ሳንቲም ማግኘታችሁ አይቀርም። አቶ ሎውስ በወርቁ ዘንድ የታመኑት፥ አስቀድመው ለወዳጅ መዶሻ የሚደክሙ ሰው ስለ ነበሩ ነው። በታናሹ ነገር እጁን የለመደ፥ ታላቁ በመጣ ጊዜ እጁ አይንቀጠቀጥም።

ጥያቄ

1. አቶ ሎውስ ወደ እርሻው የወጡት ምን ሊፈልጉ ነው?
2. መሣሪያው በመሬት ውስጥ ያለውን ብረት የሚያውቀው እንዴት ነው?
3. አቶ ሎውስ መቈፈሩን በመተዋቸው ሊቃውንቱ ምን ለማወቅ ቻሉ?
4. በሄርፎርድሺር ሀብቱን የሸሸጉት ሰዎች በሕዝብ ላይ ያደረሱት ጉዳት ምንድር ነው?
5. እናንተ በእርሻ ውስጥ የአክሱም ዘመን ገንዘብ ብታገኙ ምን ታደርጋላችሁ?