የአድማጭ ምላሽ በአማተር የድምፅ ትረካ፦ ከዋግ ኽምራ አንጻር

በአማርኛ የተረት ባህል ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል አድማጩ «የላም በረት» ብሎ ካልመለሰ ተረቱ አይጀመርም። ምላሽ የትረካው አካል ነው ማለት ነው። ሬዲዮ ይህን ወደ ደብዳቤ ለወጠው፤ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. የተላለፈው «የቀን ቅኝት» ተከታታይ ድራማ ከ15,000 በላይ ደብዳቤዎች ደርሰውታል። ዛሬ የወደደውን ታሪክ ያለ ክፍያ በስልኩ ተርኮ በቴሌግራም ለሚያሰራጭ ወጣት ግን ብዙ ጊዜ የሚደርሰው የአውራ ጣት ምልክት ብቻ ነው።

ጉዳዩ በሰቆጣና በአካባቢዋ ይከብዳል። ኽምጥኛ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ እንደመሆኑ አማርኛ የሌሉት ድምፆች አሉት፤ የተቀዳ ስሕተት ደግሞ ከቅጂ ወደ ቅጂ ይተላለፋል። ስለዚህ «ጎበዝ» ከማለት ይልቅ፦ «ወንድሜ፣ ቀበሮዋ ስትናገር ሳቅሁ፤ በአራተኛው ደቂቃ ያለውን ቃል ግን እንደ አማርኛ ጠራኸው» ማለት ይጠቅማል። ቅደም ተከተሉም ቀላል ነገር አይደለም፤ በነጻ የሚሠራን ሰው በእርማት ብቻ መቀበል ዝም ያሰኘዋል። በጽሑፍ የተላከ እርማት ራሱ ጉድለት አለው፤ ድምፁን አያሰማም። በእኔ አስተያየት አድማጩ፣ ከተቻለም አያቱን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ቃሉን በትክክል እየጠራ በድምፅ መልእክት ቢልከው ይሻላል።