ምዕራፍ ሰባት፦ አነጻጻሪ ድርሰት

ሀ. መግቢያ

ተማሪዎች! ባለፈው ምዕራፍ ገላጭ ድርሰት አንድን ነገር ለአንባቢ እንዴት አድርጎ እንደሚያሳይ ተምራችኋል። በዚህ ምዕራፍ ደግሞ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አቁሞ የሚመሳሰሉበትንና የሚለያዩበትን የሚያስረዳ ድርሰት እንዴት እንደሚጻፍ ትማራላችሁ። እንዲህ ያለው ድርሰት አነጻጻሪ ድርሰት ይባላል። አነጻጻሪ ድርሰት ለመጻፍ የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚከተሉትን ሦስት ነገሮች ማሰብ ይኖርበታል።

1. የሚነጻጸሩት ነገሮች አቻ መሆን አለባቸው። «የጋና ሕዝብና የጺምሺያን ሕዝብ ኑሮ» የሚል ርእስ ቢሰጣችሁ ወዲያው ብዕር ማንሣት አይገባም። ጋና በ2021 በተደረገው ቈጠራ ከ30 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የተመዘገበባት፣ ብዙ ብሔረሰቦች የሚኖሩባት ነጻ አገር ናት። ጺምሺያን ግን በካናዳና በአላስካ ጠረፍ የሚኖር፣ ቍጥሩ በሺሕ የሚገመት አንድ ነባር ብሔረሰብ ነው። አገርን ከብሔረሰብ ጋር ማነጻጸር ደንን ከአንድ ዛፍ ጋር እንደ ማነጻጸር ነው። ስለዚህ ከጋና ብሔረሰቦች መካከል አንዱን መምረጥ ያስፈልጋል። በዚህ ምዕራፍ የተመረጠው አሻንቲ ነው።

2. መሥፈርቱ ለሁለቱም አንድ መሆን አለበት። ስለ አንደኛው ሕዝብ መሬት፣ ስለ ሌላው ሕዝብ ዘፈን ቢጻፍ ሁለት ወሬ እንጂ አንድ ንጽጽር አይሆንም።

3. ልዩነትን መናገር ብቻ አይበቃም። ልዩነቱ ከምን እንደ መጣ መመርመር ያስፈልጋል። የድርሰቱ ዋና ፍሬ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው።

ለ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። በዚህ ምዕራፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የእናት ዘርና የርስት ሕግ

አሻንቲዎች በምዕራብ አፍሪካ፣ በጋና መካከለኛ ክፍል በሚገኘው ደናማ ምድር ይኖራሉ። ዋና ከተማቸው ኩማሲ ትባላለች። ጺምሺያኖች ግን ከዚያ እጅግ ርቀው፣ በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ በስኪና ወንዝ ታችኛው ሸለቆና በአቅራቢያው ባሉት ደሴቶች ይኖራሉ። አብዛኛው አገራቸው ዛሬ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በሚባለው የካናዳ ክፍለ ሀገር ውስጥ ይገኛል። ሁለቱም አገሮች ዝናብ የሚበዛባቸው ናቸው፤ ነገር ግን የአሻንቲ ደን ሞቃት ሲሆን የጺምሺያን ደን ቀዝቃዛና ጉም የሚያዘወትረው ነው። ሁለቱን ሕዝቦች የቋንቋ ዝምድና አያገናኛቸውም። ሆኖም በአንድ ትልቅ ጉዳይ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም የዘር ሐረጋቸውን የሚቈጥሩት በእናት በኩል ነው።

በአሻንቲ ልጅ የሚወለደው ለእናቱ ጎሣ ነው። አቡሱዋ የሚባሉት እነዚህ ጎሣዎች ስምንት ናቸው። በጺምሺያንም እንዲሁ ልጅ የእናቱን ጎሣ ይይዛል፤ ጎሣዎቹም የንስር፣ የቁራ፣ የተኩላና የገዳይ ዓሣ ነባሪ ተብለው በአራት ይከፈላሉ። በሁለቱም ዘንድ በወግ ከራስ ጎሣ ማግባት ክልክል ነው። አለቅነትም ከአባት ወደ ልጅ አይተላለፍም፤ ሟቹን የሚተካው ወንድሙ ወይም የእኅቱ ልጅ ነው። ስለዚህ ልጅ አባቱን ቢወድና ቢያከብርም ስምና ማዕርግ የሚጠብቀው ከእናቱ ወንድም፣ ከአጎቱ ነው።

ስለ ርስት ያላቸው አስተሳሰብም ይቀራረባል። በአሻንቲ መሬት የበርጩማው ነው ይባላል። በርጩማ የአለቅነት ምልክት ነው፤ የሕዝቡ ሁሉ ነፍስ ያደረበት የሚባለው ደግሞ የወርቁ በርጩማ ነው። አለቃ መሬቱን የሚጠብቀው ለሞቱት፣ በሕይወት ላሉትና ገና ላልተወለዱት ነው ተብሎ ይታመናል። በጺምሺያን ዘንድ ባለ ርስቱ «ቤት» ነው። «ቤት» ሲባልም በአንድ የእናት ዘር የሚገናኙ ዘመዳሞች ማኅበር ማለት እንጂ ሕንጻው ብቻ አይደለም። ሳልመን የተባለው ዓሣ የሚጠመድበት የወንዝ ዳር፣ የዱር ፍሬ የሚለቀምበት መስክ፣ በዝግባ ምሰሶ ላይ የሚቀረጸው አርማ፣ የማዕርግ ስምም ሳይቀር የየቤቱ ርስት ነው። ቤቱ ርስቱን የሚያስመሰክረው ፖትላች በሚባል ታላቅ ድግስ ነው። አዲሱ አለቃ ስም ሲወርስ እንግዶች ጠርቶ ያበላል፤ ስጦታም ያድላል። ስጦታውን የተቀበለ እንግዳ የውርሱ ምስክር ይሆናል። ከዚህ የተነሣ የጺምሺያን አለቃ ክብር የሚለካው ባከማቸው ሀብት ሳይሆን በሰጠው ሀብት ነው።

ወደ ገንዘብ ምንጫቸው ስንመጣ መንገዱ ይለያያል። የአሻንቲ ገበሬ ዋና የገንዘብ ምንጭ ካካዎ ነው። ካካዎ በመጀመሪያ የበቀለው በአሜሪካ ነው። በጋና ታሪክ እንደሚነገረው ቴቴ ኳርሺ የተባለ አንጥረኛ በ1879 ከፈርናንዶ ፖ ደሴት ዘሩን ይዞ ተመልሶ ከአክራ በስተ ሰሜን በምትገኘው በማምፖንግ ተከለው። ከዚያም ተክሉ በገበሬዎች እጅ ወደ ደኑ ተዛመተ። በ1911 ያን ጊዜ ጎልድ ኮስት ትባል የነበረችው አገር በዓለም አንደኛ የካካዎ አምራች ሆነች። ይህን ያደረጉት የውጭ አገር ባለ ሀብቶች ሳይሆኑ ትንንሽ ማሳ ያላቸው ያገሩ ገበሬዎች ናቸው። መሬት የሌለው ሰው እንኳ ከባለ መሬቱ ጋር የሲሶ ወይም የእኩል ውል ገብቶ ካካዎ ማልማት ይችላል። የገበሬው መከራ ዋጋው ነው። በ1937 የአውሮጳ ኩባንያዎች ዋጋ ለማውረድ መስማማታቸው በታወቀ ጊዜ ገበሬዎቹ «አንሸጥም» ብለው እስከ 1938 አድመዋል። ከ1947 ጀምሮ ደግሞ ዋጋውን የመንግሥት ቦርድ ይወስን ጀመር።

የጺምሺያኖች እርሻ ውሃው ነበር። ሳልመን ከባሕር ወደ ተወለደበት ወንዝ በየዓመቱ ሲመለስ ያጠምዱታል፤ በጢስ አድርቀውም ለብርዱ ወራት ያኖሩታል። ኡላካን ከተባለች ትንሽ ዓሣ የሚያወጡትን ዘይት ደግሞ ወደ መሀል አገር ወስደው ይነግዱ ነበር። በ1876 በስኪና ወንዝ አፍ የመጀመሪያው የሳልመን ማሸጊያ ፋብሪካ ሲቋቋም ወንዶቹ አጥማጆች፣ ሴቶቹ ዓሣውን እያጠቡ በቆርቆሮ የሚሞሉ ሠራተኞች ሆኑ። ነገር ግን በ1888 የወጣው የካናዳ ደንብ ነባሮቹ ሕዝቦች ለምግባቸው ብቻ እንዲያጠምዱ ፈቅዶ ያለ ፈቃድ ወረቀት መሸጥን ከለከለ። ባለ ርስቶቹ የገዛ ወንዛቸውን ዓሣ ለመሸጥ የሌላ ፈቃድ ጠያቂ ሆኑ ማለት ነው። መሬታቸውም ያለ ውል ተወስዶ በትንንሽ ክልሎች እንዲወሰኑ ተደረገ። ፖትላች በ1884 በወጣ ሕግ ተከለከለ፤ ክልከላው እስከ 1951 ቆየ። ድግሱ የርስት ምስክር በመሆኑ እርሱን መከልከል መዝገብ እንደ ማቃጠል ነበር። ልጆችም ከወላጆቻቸው እየተለዩ የእናታቸውን ቋንቋ መናገር ወደሚከለከልበት አዳሪ ትምህርት ቤት ተወሰዱ። ዛሬ ስማልግያክ የተባለውን ቋንቋ አቀላጥፈው የሚናገሩት ጥቂቶች ናቸው። በአንጻሩ የአሻንቲዎችን ቋንቋ ትዊን ሚሊዮኖች ይናገሩታል። ፋብሪካዎቹም አንድ በአንድ ተዘግተዋል፤ በ1889 የተቋቋመው አንደኛው ዛሬ ቤተ መዘክር ነው።

ለዚህ ልዩነት ምክንያቱ ምንድን ነው? አሻንቲዎችም በእንግሊዞች ተገዝተዋል። ንጉሣቸው ፕሬምፔ በ1896 ተይዞ ከተጋዘ በኋላ እስከ 1924 አገሩን አላየም፤ በ1900 የተነሣው ጦርነትም በሽንፈት ተፈጽሟል። ነገር ግን መሬታቸውን የሚቀራመት ብዙ ሰፋሪ አልመጣባቸውም። በጎልድ ኮስት ጠረፍ መንግሥት ባዶ ነው ያለውን መሬት የሚቈጣጠርበት የሕግ ረቂቅ በ1897 በቀረበ ጊዜ አለቆችና የተማሩ ሰዎች ማኅበር አቋቁመው ወደ ለንደን መልእክተኞች ላኩ፤ ረቂቁም ቀረ። በ1957 ጋና ነጻ ስትወጣ አሻንቲዎች በገዛ አገራቸው መራጭና ተመራጭ ነበሩ። የ1992ቱ የጋና ሕገ መንግሥትም የበርጩማ መሬትን ያውቃል። በአንጻሩ የካናዳ ነባር ሕዝቦች ሁሉ ነባርነታቸውን ሳይተዉ በአገሪቱ ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት ያገኙት በ1960 ነው። የላክስ ቋላምስ ጺምሺያኖች ዓሣ ለገበያ የማጥመድ ጥንታዊ መብት አለን ብለው ቢከራከሩም የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2011 ጥያቄያቸውን አልተቀበለም።

ምክንያቱ የሕግ መሆኑን ከራሳቸው ከጺምሺያኖች መረዳት ይቻላል። በ1887 ስምንት መቶ የሚሆኑ ጺምሺያኖች በመሬትና በቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ክርክር ስለ ገጠማቸው ዊሊያም ደንከን ከተባለው ሚስዮናዊ ጋር ወደ አላስካ ተሻግረው አዲስ ሜትላካትላን መሠረቱ። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1891 ደሴቶቹን ለእነርሱ ከለለላቸው። በ1916 ደግሞ በደሴቶቹ ዙሪያ 914 ሜትር ያህል ውሃ ለእነርሱ አጥማጅነት ብቻ ተለየ። ዘሩ አንድ፣ ዓሣው አንድ፣ ሙያውም አንድ ነው። የተለየው የውሃው ባለቤትነት ነው።

የእናት ዘር ልማድ ራሱም ከመንግሥት ሕግ ጋር ተጋጭቷል። በአሻንቲ አንድ ሰው ሳይናዘዝ ሲሞት ንብረቱን የእናቱ ወገን ስለሚወርስ፣ ካካዎውን አብረውት የኮተኮቱ ሚስትና ልጆች ባዶ እጃቸውን የሚቀሩበት ጊዜ ነበር። በ1985 የወጣው የጋና የውርስ ሕግ ለሚስትና ለልጆች ትልቁን ድርሻ ሰጠ። በካናዳ ግን ችግሩ ተቃራኒ ነበር። ሕጉ ነባርነትን በአባትና በባል በኩል ስለሚቈጥር ከነባር ሕዝብ ውጭ ያገባች ሴት መብቷን ታጣ ነበር፤ ልጆቿም እንዲሁ። ይህም በ1985 ተሻሻለ፤ ከዚያ በኋላም ተከታታይ ማረሚያዎች ተደርገውበታል። በአንድ ዓመት የወጡ ሁለት ሕጎች፣ አንደኛው የእናትን ወገን ድርሻ ሲቀንስ ሌላው በእናት በኩል የሚመጣውን መብት መለሰ። ሁለቱም ግን ያቃኑት በሴቶች ላይ ይደርስ የነበረውን በደል ነው።

እንግዲህ ኑሯቸው በገንዘብ ብቻ ቢመዘን ጺምሺያኑ በሀብታም አገር የሚኖር በመሆኑ የተሻለ ይመስላል። ነገር ግን ሕዝብ የሚኖረው በገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በርስቱ፣ በቋንቋውና በድምፁም ጭምር ነው። በእነዚህ መሥፈርቶች ሲመዘን ብዙ የጠፋበት ጺምሺያኑ ነው። የአሻንቲ ገበሬ የዋጋ ጌታ ባይሆንም ካካዎ የሚተክልበት መሬት ከእጁ አልወጣም።

ሐ. የቃላት ፍች

አቻ፦ እኩያ፣ በዐይነት ወይም በመጠን የሚመጣጠን።
መሥፈርት፦ ነገሮች የሚመዘኑበት መለኪያ።
ሲሶ፦ ከሦስት አንዱ እጅ።
አርማ፦ የአንድ ወገን መታወቂያ ምልክት።
ረቂቅ፦ ገና ያልጸደቀ ጽሑፍ።
ገዳይ ዓሣ ነባሪ፦ ጥቁርና ነጭ መልክ ያለው፣ ሌሎች የባሕር እንስሳትን እያደነ የሚኖር ትልቅ የባሕር እንስሳ።

መ. ሰዋስው፦ የማነጻጸሪያ ቃላት

1. መመሳሰልን ለማሳየት «እንደ»፣ «ያህል»፣ «እንዲሁ»፣ «ሁለቱም» የሚሉትን እንጠቀማለን።
ምሳሌ፦ በጺምሺያንም እንዲሁ ልጅ የእናቱን ጎሣ ይይዛል።

2. ልዩነትን ለማሳየት «ግን»፣ «ሲሆን»፣ «ሳይሆን»፣ «በአንጻሩ» የሚሉትን እንጠቀማለን።
ምሳሌ፦ የአሻንቲ ደን ሞቃት ሲሆን የጺምሺያን ደን ቀዝቃዛ ነው።

3. ብልጫን ለማሳየት «ከ» የሚለውን መስተዋድድ ብቻውን ወይም ከ«ይልቅ» ጋር እንጠቀማለን። በአማርኛ ቅጽሉ ራሱ መልኩን አይለውጥም።
ምሳሌ፦ የአሻንቲ ደን ከጺምሺያን ደን ይልቅ ሞቃት ነው።

ማሳሰቢያ፦ «ሲሆን» ዐረፍተ ነገርን አይዘጋም። «የአሻንቲ ደን ሞቃት ሲሆን» ብላችሁ አራት ነጥብ ብታኖሩ ሐሳቡ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እንዲሁም «ሁለቱ ሕዝቦች በብዙ ነገር ይለያያሉ» ብቻ ብሎ ማለፍ ለአንባቢ ምንም አይነግርም፤ ወዲያው በምን እንደሚለያዩ መግለጽ ያስፈልጋል።

ሠ. መልመጃ

መልመጃ አንድ፦ ምንባቡን መሠረት በማድረግ ለሚከተሉት ጥያቄዎች በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልስ ስጡ።
1. የፖትላች መከልከል «መዝገብ እንደ ማቃጠል» የተባለው ለምንድን ነው?
2. ጸሐፊው የአዲስ ሜትላካትላን ታሪክ ያነሣው የትኛውን ሐሳብ ለማስረዳት ነው?
3. በ1985 የወጡት ሁለት ሕጎች በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
4. ምንባቡ የተጠቀመባቸውን መሥፈርቶች በቅደም ተከተል ዘርዝሩ።

መልመጃ ሁለት፦ የሚከተሉትን ጥንድ ዐረፍተ ነገሮች በቅንፍ ውስጥ ባለው ቃል አያይዙ።
1. የአሻንቲ መሬት የበርጩማው ነው። የጺምሺያን ርስት የቤቱ ነው። (ሲሆን)
2. አለቃው የሚከበረው ሀብት ስላከማቸ አይደለም። አለቃው የሚከበረው ሀብት ስለ ሰጠ ነው። (ሳይሆን)
3. ትዊን ሚሊዮኖች ይናገሩታል። ስማልግያክን የሚናገሩት ጥቂቶች ናቸው። (በአንጻሩ)

መልመጃ ሦስት፦ በምታውቁት አካባቢ በተለያየ ሙያ የሚተዳደሩ ሁለት ቤተሰቦችን ወይም ሁለት መንደሮችን መርጣችሁ አምስት አንቀጽ ያለው አነጻጻሪ ድርሰት ጻፉ። ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ወረቀት በሦስት ዐምድ ከፍላችሁ በመጀመሪያው መሥፈርቱን፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው የሁለቱን ሁኔታ መዝግቡ። ባዶ የቀረ ዐምድ ካለ ያን መሥፈርት ተዉት ወይም ጠይቃችሁ ሙሉት። በመጨረሻው አንቀጽ ለልዩነቱ ምክንያት ይሆናል የምትሉትን አንድ ነገር ብቻ መርጣችሁ በማስረጃ አስረዱ።