ገንዘብ የመጠየቅ ዋጋ፦ የሀገር ውስጥ ሀብት ማሰባሰብና የአስተዳደር ወጪ ገደብ በኢትዮጵያ

በጥር ወር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ባገደ ጊዜ በኢትዮጵያ የሚንቀሳቀሱ በርካታ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ሠራተኛ ለመቀነስና ፕሮጀክት ለማቋረጥ ተገደዋል። ከዚያ ወዲህ የሀገር ውስጥ ሀብት ማሰባሰብ በየስብሰባው የሚነሣ ርእስ ሆኗል። ይሁንና ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ሀገሪቱ ከዚህ ቀደም ለዐሥር ዓመታት ያህል ፈትናዋለች።

አዋጅ ቁጥር 621/2001 በሰብአዊና በዴሞክራሲያዊ መብቶች፣ በፆታ እኩልነት፣ በሕፃናትና በአካል ጉዳተኞች መብት እንዲሁም በግጭት አፈታት የመሥራት ፈቃድ ከውጭ የሚያገኙት ገቢ ከ10 በመቶ ለማይበልጥ ሀገር በቀል ድርጅቶች ብቻ ሰጠ። ከድንጋጌው በስተጀርባ የነበረው ግምት፣ የውጭው በር ሲዘጋ የሀገር ውስጡ ይከፈታል የሚል ነበር። አልተከፈተም። ለሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጥ የነበረው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ሆነ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ ሠራተኞቻቸውን ቀነሱ፤ ሌሎች የሥራ መስካቸውን ከመብት ወደ ልማት አዞሩ።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ ምክንያት የሕዝቡ ድህነት ነው። ምክንያቱ ግን አጥጋቢ አይደለም። ዕድር በየወሩ ይሰበስባል፤ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ በምእመናን መዋጮ ይታነጻሉ፤ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕዳሴው ግድብ ቦንድ የገዛው ደመወዝተኛ ቁጥሩ ቀላል አይደለም (ግዥው ምን ያህል በፈቃድ እንደ ነበረ ሌላ ጥያቄ ነው)። ልዩነቱ ሰጪው በምላሹ የሚያየው ነገር ላይ ነው። የዕድር አባል የሚከፍለው ነገ ድንኳኑ በእርሱም ደጃፍ እንደሚተከል ስለሚያውቅ ነው፤ ስለዚህ ዕድርን የልግስና አብነት አድርጎ ማቅረብ ያሳስታል። መቄዶንያን የመሰለ ማዕከል ደግሞ ለጋሹ ሄዶ የሚጎበኘው፣ ከአረጋውያኑ ጋር ማዕድ የሚቋደስበት ግቢ አለው። በፍርድ ቤት ለአንዲት ተበዳይ ጥብቅና የቆመ ድርጅት ግን ምን ያሳያል? ባለጉዳይዋን አደባባይ አውጥቶ ገንዘብ ቢጠይቅባት የቆመለትን ክብር ራሱ ይነካል።

ብዙ የማይነገርለት ሌላው ምክንያት ሕጉ ውስጥ ይገኛል። ገንዘብ መጠየቅ ራሱ ገንዘብ ይፈጃል፤ ባለሙያ፣ ማስታወቂያ፣ የአባላት መዝገብና ኦዲት ይሻል። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ለአስተዳደር የሚውለውን ወጪ በ30 በመቶ ገድቦ ነበር። የተካው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የ10 በመቶውን ገደብ አንሥቷል፤ ድርጅቶች ኩባንያ እንዲያቋቁሙ፣ አክሲዮን እንዲይዙና ሕዝባዊ መዋጮ እንዲያሰባስቡም ፈቅዷል። ሆኖም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ በትርጓሜውም የማስታወቂያ፣ የባንክ አገልግሎትና የኦዲት ክፍያን በአስተዳደር ወጪ ውስጥ አካትቷል። ዛሬ ዘርቶ ከሦስት ዓመት በኋላ ለማጨድ ያቀደ ማኅበር እንግዲህ በዘሩ ዓመት ጣሪያውን ያልፋል። ሰፊ በጀት ያለው ድርጅት ይህን ሊሸከመው ይችላል፤ ጥቂት ሠራተኞች ያሉት ማኅበር አይችልም።

ለእንዲህ ያለው ማኅበር በዓመት አንድ ጊዜ በሆቴል ከሚደገስ የእራት ግብዣ ይልቅ በቴሌብር በየወሩ የሚከፈል አነስተኛ የአባልነት መዋጮ ይሻለዋል። ግብዣው ስም ያስጠራል፤ ነገር ግን የአዳራሹና የመስተንግዶው ወጪ አስቀድሞ ይከፈላል። ወርኃዊው መዋጮ በአንጻሩ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ከአባሉ ስም ይልቅ ቁጥርና ውጤት የያዘ ሪፖርትም በቂ ማስረጃ ይሆነዋል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን በበኩሉ ዓመታዊ ሪፖርቶችን ሲመረምር ለአዲስ የሀብት ማሰባሰብ ሥራ የወጣውን ወጪ በሦስት ዓመት አማካይ የሚያሰላበት መመሪያ ቢያወጣ፣ አዋጁ የፈቀደው መብት ለትንንሾቹም የሚደርስ ይሆናል።