«ጋሼ» በቬትናምኛ፦ ለአማርኛ ተናጋሪ ተጓዥ የሚሆን የቃላት ዝርዝር እንዴት ይሰናዳ?

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ ለአማርኛ ተናጋሪ ተጓዦች የሚዘጋጅ የቬትናምኛ ቃላት ዝርዝር በምን መሠረት ሊደራጅ እንደሚገባ ይመረምራል። በጉለሌ ክፍለ ከተማ በሽሮ ሜዳ ገበያ የሚሰማውን የአጠራር ልማድ መነሻ በማድረግ የሁለቱን ቋንቋዎች የዝምድና መጠሪያዎች ያነጻጽራል። የጽሑፉ መከራከሪያ፣ ዝርዝሩ ከእንግሊዝኛ ተገልብጦ ሲዘጋጅ አማርኛ ተናጋሪው በእጁ ያለው ዕውቀት ሳይሠራበት ይቀራል፤ ሊጠነቀቅለት የሚገባው ስሕተትም ተሸፍኖ ያልፋል የሚል ነው።

መግቢያ

ኢትዮጵያና ቬትናም ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት የመሠረቱት በ1968 ዓ.ም. ነው። የቬትናሙ ፕሬዚዳንት ትራን ዳይ ኳንግ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጎብኝተዋል፤ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሃኖይ መብረር ጀምሯል። መንገዱ ሲከፈት ነጋዴውም፣ ተማሪውም፣ ጎብኚውም ከሁሉ አስቀድሞ የሚሹት ጥቂት የመግባቢያ ቃላትን ነው።

ለእንግሊዝኛ አንባቢ የተሰናዱ ዝርዝሮች ብዙውን ጊዜ «አንተ»ን፣ «አንቺ»ንና «እርስዎ»ን በአንድ ቃል ጠቅልለው «ባን» ይላሉ። የቃሉ ቀጥተኛ ፍች «ጓደኛ» ሲሆን፣ በማስታወቂያና በቋንቋ መማሪያ መጻሕፍት ለማይታወቅ አንባቢ ያገለግላል፤ በንግግርም ለእኩያ ይስማማል። አንዲትን አዛውንት «ባን» ብሎ መጥራት ግን ነውር ነው። ችግሩ ከአንድ ቃል ምርጫ ያልፋል፤ ዝርዝሩ የተሠራበት አስተሳሰብ ራሱ ለቋንቋው አይመጥንም።

የሽሮ ሜዳ ልማድ

ከእንጦጦ ግርጌ ያለው ሽሮ ሜዳ በአገር ባህል ልብስ ገበያው ይታወቃል፤ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎችም መኖሪያና መሥሪያ ነው። በዚያ ሻጭ የማያውቀውን መንገደኛ በባዶው «አንተ» ብሎ አይጠራም። ዕድሜውን በዐይኑ ይመዝንና «ጋሼ»፣ «እትዬ»፣ «አባባ»፣ «እማማ»፣ «ወንድሜ»፣ «እህቴ» ይላል። ዋጋ ከመነገሩ በፊት ዝምድና ይበጃል።

ከእነዚህ መጠሪያዎች ሁለቱ ለንጽጽራችን ልዩ ጥቅም አላቸው። «ጋሼ» ለታላቅ ወንድም፣ «እትዬ» ለታላቅ እህት የሚውሉ የአክብሮት መጠሪያዎች ሲሆኑ፣ ከቤተሰብ ወጥተው ለማንኛውም በዕድሜ ለሚበልጥ ሰው ይነገራሉ። ቬትናምኛም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። «አኝ» ታላቅ ወንድም፣ «ቺ» ታላቅ እህት ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ሁለቱ «ወንድም» እና «እህት» ተብለው ሲፈቱ ታላቅነቱ ይጠፋል፤ በአማርኛ «ጋሼ» እና «እትዬ» ሲባሉ ግን ፍቹም አክብሮቱም ይተላለፋል።

የሁለቱ ቋንቋዎች ልዩነት በሰዋስው ላይ ነው። በአማርኛ መጠሪያው ቢቀር ግሱ ራሱ «ሂድ»፣ «ሂጂ»፣ «ይሂዱ» እያለ ጾታንና አክብሮትን ይገልጻል። የቬትናምኛ ግስ ግን በሰው አይረባም፤ ስለዚህ የዝምድና ቃሉ የተውላጠ ስምን ቦታ ይይዛል። መጠሪያው ከቀረ አክብሮቱም አብሮ ይቀራል። አዲስ የተዋወቀ ሰው ገና በመጀመሪያው ውይይት ዕድሜ ቢጠይቅ በሰው ጉዳይ መግባቱ አይደለም፤ በምን ቃል እንደሚጠራ መወሰኑ ነው።

መሠረታዊ መጠሪያዎች

ከዚህ በታች እያንዳንዱ ቃል ከዜማው፣ ከአማርኛ አቻውና ከአገልግሎቱ ጋር ቀርቧል።

«ኦንግ» (ደልዳላ)፦ አያት፤ ለሽማግሌ ወይም ለባለ ማዕረግ ወንድ፤ «አባባ»።
«ባ» (ወራጅ)፦ ሴት አያት፤ ለአሮጊት ወይም ለተከበረች ሴት፤ «እማማ»።
«ባክ» (ወጪ)፦ የአባት ወይም የእናት ታላቅ፤ ከወላጅ በዕድሜ ለሚበልጥ ወንድ ወይም ሴት።
«ቹ» (ወጪ)፦ የአባት ታናሽ ወንድም፤ ከአባት ለሚያንስ ጎልማሳ፤ «አጎቴ»።
«ኮ» (ደልዳላ)፦ አክስት፤ ለጎልማሳ ሴትና ለሴት መምህር።
«አኝ» (ደልዳላ)፦ «ጋሼ»።
«ቺ» (ዝቅ ብሎ የሚቆረጥ)፦ «እትዬ»።
«ኤም» (ደልዳላ)፦ ታናሽ ወንድም ወይም እህት።
«ቻው» (ወጪ)፦ የልጅ ልጅ፣ የወንድም ወይም የእህት ልጅ።

ሰላምታ የሚሟላው በእነዚህ ነው። «ቻው» (ወራጅ) የሰላምታ ቃል ሲሆን፣ «ቻው አኝ» ወይም «ቻው ቺ» ሲባል ሙሉ ይሆናል። ከጣሊያንኛ ወደ እኛ የገባው የስንብት «ቻው» በድምፅ ይመስለዋል፤ የቬትናምኛው ግን ሲገናኙም ሲለያዩም ይነገራል። ምስጋናም «ካም ኧን ቺ» ተብሎ ከነመጠሪያው ይቀርባል።

ሦስት መሰናክሎች

የመጀመሪያው የመጠሪያ መገላበጥ ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ ወጣቷን ሸማች «እናቴ» ማለት ቁልምጫ ነው፤ እናትም ልጇን «እማዬ» ትላለች። በቬትናምኛ ወጣቷን «ባ» ቢሏት ግን ቁልምጫነቱ አይታወቅም፤ አሮጊት መባሏን ብቻ ትሰማለች። አማርኛ ተናጋሪው በልማዱ ተማምኖ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ራስን መጥራት ነው። በቬትናምኛ ያው ቃል «እኔ»ም ይሆናል። ወጣት ተጓዥ ትልቅ ሴትን «ቺ» ሲል ራሱን «ኤም» ይላል፤ አዛውንትን «ባ» ሲል ራሱን «ቻው» ይላል። «ቶይ» የሚለው ገለልተኛ «እኔ» ቢኖርም፣ በቅርብ ንግግር ውስጥ ርቀትን ያመለክታል። አማርኛ ለዚህ አቻ የለውም፤ ስለዚህ ቃላቱ ነጠላ ነጠላ ከሚጠኑ በጥንድ ቢጠኑ ይሻላል።

ሦስተኛው ዜማ ነው። የሰሜኑ ቬትናምኛ ስድስት ዜማዎች አሉት፦ ደልዳላ፣ ወራጅ፣ ወጪ፣ ወርዶ የሚነሣ፣ ተሰብሮ የሚነሣና ዝቅ ብሎ የሚቆረጥ። «ባ» በደልዳላ ዜማ «ሦስት»፣ በወራጅ «አያት» ነው። ከላይ ያየናቸው ሁለቱ «ቻው»ዎችም በዜማና በአናባቢ ርዝመት ይለያያሉ፤ በፊደላችን ግን አንድ ናቸው። ስለዚህ የዜማውን ስም ከቃሉ አጠገብ መጻፍ ግዴታ ነው። ከንባብ በላይ ምልክት አኑሮ የድምፅን መውጣትና መውረድ ማሳየት ለሀገራችን እንግዳ አይደለም፤ የቅዱስ ያሬድ ዜማ እንደ «ድፋት»ና «ቅናት» ባሉ ምልክቶች ሲጻፍ ኖሯል። ምልክቶቹ ለሌላ ዓላማ የተሠሩ በመሆናቸው እንዳሉ አይወሰዱም፤ ሐሳቡ ግን ለአዘጋጁ ይጠቅማል።

በአንጻሩ ፊደላችን ከላቲኑ የተሻለ የሚያገለግልበት ቦታ አለ። የ«ኝ» ድምፅ በቬትናምኛ የተለመደ ነው፤ «ቤት» ማለት «ኛ» ነው። ታዋቂው የሩዝ ፓስታ ሾርባ በእንግሊዝኛ ልማድ «ፎ» ቢባልም፣ አናባቢው ለአማርኛው ግዕዝ ስለሚቀርብ «ፈ» ብሎ መጻፍ ትክክል ነው። «ውሃ» የሚለው ቃልም «ንኧክ» ተብሎ በሳድስ ሲጻፍ ከትክክለኛው ድምፅ ይቀርባል።

መጠሪያው በሌሎች ባህላዊ ቃላት ውስጥ

የዝምድና መጠሪያ የሌሎች ባህላዊ ቃላት መግቢያ በር ነው። «መይ» (ወራጅ) መጋበዝ ማለት ሲሆን፣ በተለይ በሰሜኑ ክፍል ታናሹ ምግብ ከመጀመሩ በፊት ታላላቆቹን በየመጠሪያቸው «መይ ኦንግ አን ከም» እያለ ይጋብዛል። «ከም» የበሰለ ሩዝ ነው፤ እኛ «እንጀራ» ብለን ምግብን ሁሉ እንደምንጠራ፣ «ከም መብላት»ም ማዕድ መቅረብ ማለት ነው። ያለ «እንብላ» ማዕድ ለማይጀምር ኢትዮጵያዊ ሥርዓቱ እንግዳ አይሆንበትም።

«ቴት» በጨረቃ አቆጣጠር የሚከበር አዲስ ዓመት ነው፤ በዚያ በዓል ታላላቆች ለልጆች በቀይ ፖስታ የሚሰጡት ገንዘብ «ሊ ሲ» ይባላል። በእንቁጣጣሽ የአበባ ሥዕል ይዞ ለሚመጣ ልጅ ሳንቲም የሚሰጥ ሰው ትርጉሙን በቀላሉ ይረዳል። በስም አጠራርም እንዲሁ ነው። ቬትናሞች የቤተሰብ ስምን ያስቀድሙና የግል ስምን መጨረሻ ላይ ያኖራሉ፤ ሰውን የሚጠሩት ግን እንደ እኛ በግል ስሙ ነው። ስለዚህ ትራን ዳይ ኳንግ «ፕሬዚዳንት ኳንግ» ይባሉ ነበር። ተጓዡ ሊያስታውስ የሚገባው ስሙን ከፊት ሳይሆን ከኋላ መውሰዱን ነው።

ማጠቃለያ

ለአማርኛ ተናጋሪ የሚሰናዳ የቬትናምኛ ቃላት ዝርዝር ከነጠላ ፍች አልፎ አራት ነገሮችን መያዝ ይገባዋል፦ ድምፁን በፊደላችን፣ ዜማውን በስሙ፣ ተናጋሪና ተጠሪው ማን ከማን እንደሚበልጥ፣ እንዲሁም ራስን የሚጠሩበትን ጥንድ ቃል። «ሰላም»ና «ስንት ነው» ከዚህ በኋላ ይመጣሉ። በአማርኛ ቢሳሳቱ ግሱ አክብሮቱን ያተርፋል፤ በቬትናምኛ ግን መጠሪያው ብቻውን ይሸከመዋል። ስለሆነም አዘጋጁ ከእንግሊዝኛው ዝርዝር ይልቅ ከሽሮ ሜዳው «ጋሼ»ና «እትዬ» ቢነሣ ለአንባቢው የቀረበ፣ ለቬትናምኛውም የታመነ ሥራ ይሠራል።