የደረቀ የድሮ ባርኔጣ ክፈፍ እንዴት ለስልሶ ቅርጹን ያገኛል?

ከአባት ወይም ከአያት የተረፈ ባርኔጣ በብዙ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ አለ። አናቱ ደህና ነው፤ ጥብጣቡም እንደታሰረ ነው። ክፈፉ ግን ደርቋል፤ አንዱ ጎኑ ወደ ላይ ተቀልብሷል፣ ሌላው ተወላግዷል። ባለቤቱ በእጁ ሊያቃናው ሲታገል ክፈፉ ይሰነጠቃል፣ ወይም ይታጠፍና የታጠፈበት መስመር አልጠፋ ይላል። ይህ ሁሉ ሊቀር የሚችል ጉዳት ነው። ክፈፍ የሚታዘዘው ቅደም ተከተሉ ሲጠበቅ ነው፦ እንፋሎት ያለሰልሳል፣ እጅ ይቀርጻል፣ መድረቅ ያጸናል። አንዱ በሌላው ተራ ከገባ ሥራው ይበላሻል። ምክንያቱን ለመረዳት ከጨርቁ እንጀምር።

ጨርቁ ምን ዓይነት ነው?

የእነዚህ ባርኔጣዎች ጨርቅ ፌልት ይባላል። ፌልት አይፈተልም፣ አይሸመንም። የበግ ሱፍ ወይም የጥንቸልና የቢቨር ጠጉር በሙቅ ውሃ፣ በእንፋሎትና በግፊት ታሽቶ እርስ በርሱ ይያያዛል። የእያንዳንዱ ጠጉር ገጽ በዓይን በማይታዩ ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። ሲታሽ ዘለላዎቹ እየሾለኩ ይጠላለፋሉ፤ ቅርፊቶቹ ወደ ኋላ እንዳይመለሱ ይይዟቸዋል። ለዚህ ነው ፌልት በሙቀትና በእርጥበት ላይ እሽት ሲጨመርበት የሚጠበውና የሚወፍረው።

ሱፍም ሆነ ጠጉር ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠሩ ናቸው። በኬራቲን ውስጥ ያሉት ደካማ ትስስሮች ውሃና ሙቀት ሲያገኙ ይላላሉ፣ ሲደርቁ ደግሞ ባሉበት ቅርጽ መልሰው ይያያዛሉ። እርጥብ ፀጉሯን በቢጎዲን ጠቅልላ የምታደርቅ ሴት የምትጠቀመው በዚሁ ባሕርይ ነው፤ ቢጎዲኑን ሳይደርቅ ከፈታችው ጥቅልሉ አይቆይም። ክፈፍም እንዲሁ ነው።

ክፈፉን ያደረቀው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ምክንያት ሼላክ ነው። ላክ የሚባሉ ነፍሳት በሕንድና በታይላንድ ዛፎች ላይ የሚተዉት ሙጫ ሲጣራ ሼላክ ይሆናል። ባርኔጣ ሠሪዎች በአልኮል አሟሙተው ፌልቱን ያጠጡታል፤ ክፈፉ ቀጥ ብሎ የሚቆመው በእሱ ነው። ሼላክ ከ75 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ጀምሮ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። ዕድሜው በገፋ ቁጥር ግን ይበልጥ ይደርቃል፣ ተሰባሪም ይሆናል። ያረጀ ክፈፍ በደረቁ ሲታጠፍ የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ዝናብ ነው። የራሰ ባርኔጣ ፀሐይ ላይ ወይም እሳት ዳር ሲደርቅ ፌልቱ ወጥ ባልሆነ መንገድ ይጠባል፣ ጠርዙም ይሞገዳል። ሦስተኛው ላብና ቅባት ነው፤ ከጥብጣቡ ሥር ገብቶ በአንድ ስፍራ ብቻ ያደርቃል።

መለየቱ ቀላል ነው። ክፈፉ ዙሪያውን እኩል ከደረቀና በጥፍር ሲመታ ደረቅ ድምፅ ከሰጠ ሼላክ ነው። ከተሞገደና ባርኔጣው ራስ ላይ ከጠበበ ውሃ ነው። ጥብጣቡ አጠገብ ብቻ ጠቁሮ ከደረቀ ላብ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እንፋሎት ይረዳል፤ ላቡ ግን አስቀድሞ መጽዳት አለበት፣ አለዚያ እንፋሎቱ ቆሻሻውን ወደ ፌልቱ ያዘልቀዋል።

የባርኔጣው የራሱ ቅርጽ የትኛው ነው?

ማለስለስ ከመጀመራችሁ በፊት ባርኔጣው ሲሠራ ምን ዓይነት ክፈፍ እንደነበረው እወቁ። በ1849 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የተሠራው ቦውለር የአደን ጠባቂዎችን ራስ ከዛፍ ቅርንጫፍ እንዲከላከል ታስቦ በሼላክ እንዲጠነክር የተደረገ ነው። ቦውለር ማለስለስ ባርኔጣውን ማፍረስ ነው። ሆምቡርግ ደግሞ ዙሪያውን ወደ ላይ የተጠቀለለ ክፈፍ አለው። የእንግሊዙ ኤድዋርድ ሰባተኛ አልጋ ወራሽ ሳሉ ከጀርመኗ ባድ ሆምቡርግ ይዘውት መጥተው ያስለመዱት ነው፤ ጥቅልሉን አታቃኑት።

ብዙ ሰው እጅ ላይ የሚገኘው ፌዶራ ነው። ጣልያናዊው ቦርሳሊኖ በ1857 እ.ኤ.አ. አሌሳንድሪያ ከተማ ውስጥ ካቋቋመው ፋብሪካ የወጡት ባርኔጣዎች የዚህ ዓይነቱ ምርጥ ምሳሌ ናቸው። የፌዶራ ክፈፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ሴንቲሜትር ይሰፋል፤ ፊቱ ወደ ታች፣ ጀርባው ወደ ላይ ይላል። ለቤት ሥራ የሚመቸው ይህ ነው።

ሰፊ ክፈፍ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዳግማዊ ምኒልክ ፎቶግራፎች ላይ በሻሽ ላይ ተደፍቶ እንደሚታየው ዓይነት ሰፊ ክፈፍ በራሱ ክብደት እንዳይወድቅ ጥንካሬ ያስፈልገዋል። ከመጠን በላይ ካለሰለሳችሁት ጠርዙ ይንጠለጠላል፤ መልሶ ለማጠንከርም ሼላክ የሚቀባ ባለሙያ ያስፈልጋል።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚደረግ ጥንቃቄ

ይህን ክፍል አትዝለሉት። ባርኔጣ ሠሪዎች የጥንቸልና የቢቨር ጠጉር ለማዘጋጀት ለረጅም ዘመን ሜርኩሪ ናይትሬት ይጠቀሙ ነበር። ሠራተኞቹን ለመንቀጥቀጥና ለአእምሮ መታወክ የዳረገ መርዝ ነው። በአሜሪካ አሠራሩ የታገደው በ1941 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት በተሠራ የጠጉር ባርኔጣ ውስጥ ሜርኩሪ ቀርቶ ሊገኝ ይችላል፤ ሙቀት ደግሞ ወደ አየር ያወጣዋል። ስለዚህ በጣም ያረጀ ባርኔጣ ቤት ውስጥ በእንፋሎት አታሙቁ፤ ለባለሙያ ስጡት። ሌላውንም ቢሆን በረንዳ ላይ ወይም መስኮት ከፍታችሁ፣ ከምግብና ከሕፃናት ርቃችሁ ሥሩ፤ ስትጨርሱ እጅ መታጠብ ግድ ነው።

ቀጥሎ አቧራውን ጠጉሩ በተኛበት አቅጣጫ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ። ነጭ እርጥብ ጨርቅ ከክፈፉ በታች በማይታይ ቦታ ላይ ጫን አድርጉ፤ ቀለም ከለቀቀ አቁሙ። ብል የበላው ቦታ ካለ በብርሃን ፊት ይዛችሁ እዩ፤ የሳሳ ፌልት ሲሳብ ይቀደዳል።

ማለስለስ

ማንቆርቆሪያ ውሃ አፍሉ። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህም ሼላክን ለማለስለስ ይበቃል፤ ነገር ግን እንፋሎት ከአፉ በራቀ ቁጥር ይቀዘቅዛልና ደጋ ላይ ያለ ሰው ትንሽ ታግሦ ማቆየት ይኖርበታል።

ክፈፉን ከማንቆርቆሪያው አፍ 15 ሴንቲሜትር ያህል አርቃችሁ ያዙ። በአንድ ጊዜ አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ ብቻ አሙቁ፣ ከላይም ከታችም። እጃችሁን ከእንፋሎቱ መንገድ አውጡ። ፌልቱ መሞቅና መርጠብ አለበት፤ ውሃ እስኪንጠባጠብ ግን አይደርስም። የበግ ሱፍ ከጥንቸል ጠጉር ይበልጥ ስለሚጠብ እንፋሎቱን ቀንሱለት።

ትልቁ አደጋ ከባርኔጣው ውስጥ ዙሪያውን የተሰፋው የላብ ቆዳ ነው። ያረጀ ቆዳ በእንፋሎት ሙቀት ይኮማተራል፣ ከዚያ አይመለስም። ስለዚህ እንፋሎቱ ከአናቱ ወደ ጠርዙ እንዲሄድ አድርጋችሁ ያዙት፤ ወደ ባርኔጣው ሆድ እንዳይገባ ተጠንቀቁ።

ነጭ ወይም የሚያብለጨልጭ ነጠብጣብ ብቅ ካለ ሼላኩ ወደ ገጹ እየወጣ ነው ማለት ነው፤ እንፋሎቱን አቁሙ። አንዳንዶች ክፈፉን በአልኮል ያርሱታል። አልኮል ሼላክን ማሟሟቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቀለም ያንቀሳቅሳል፣ የውሃ ልክ የመሰለ መስመር ይተዋል፣ እሳትም ይይዛል። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።

መቅረጽ

የሞቀውን ክፍል ወዲያው በሁለት መዳፎች መካከል ያዙ፤ አውራ ጣቶች ከላይ፣ ሌሎቹ ከታች ይሁኑ። ከአናቱ ሥር ጀምራችሁ ወደ ጠርዙ በቀስታ ሳቡት። በጣት ጫፍ አትቆንጥጡ፤ ቁንጥጫ ጉድጓድ ይተዋል። የፈለጋችሁትን ቅርጽ ሲይዝ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አትልቀቁት፤ ሼላኩ የሚጠነክረው በዚያ ቅጽበት ነው። ከዚያ ወደሚቀጥለው መዳፍ እለፉ። ከጀርባ በኩል ጀምሩ፤ እጃችሁ እስኪለምድ ቢሳሳት ጎልቶ አይታይም። ፊቱን መጨረሻ ላይ ሥሩት።

የተሞገደ ክፈፍ ለማቃናት ባርኔጣውን ገልብጣችሁ ክፈፉን ጠረጴዛ ላይ፣ አናቱን ከጠረጴዛው ጠርዝ ውጭ አድርጉ። እርጥብ የጥጥ ጨርቅ ደርባችሁ ለሱፍ በሚሆን ሙቀት ካውያ ጫን፣ ከዚያ ብድግ አድርጉ። ካውያውን አትጎትቱ፤ መጎተት ፌልቱን ይለጥጠዋል፣ የተለጠጠው ጠርዝም ሌላ ሞገድ ያበጃል። ጠርዙ ላይ የተሰፋ ጥብጣብ ካለ ስፌቱ እንዳይሸበሸብ ሙቀቱን ቀለል አድርጉለት።

ማድረቅ

ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። የተቃና የመሰለ ክፈፍ ውስጡ ገና እርጥብ ነው። ባርኔጣውን መደርደሪያ ላይ አስቀምጣችሁ፣ ፊቱ ወደ ታች እንዲል ከፈለጋችሁ የፊት ክፈፉን ከመደርደሪያው ጠርዝ ውጭ አውጡት። ወደ ላይ መነሣት ላለበት ጀርባ የተጠቀለለ ፎጣ ከሥሩ ደግፉ። ከፀሐይ፣ ከምድጃና ከፀጉር ማድረቂያ አርቁት። በበጋ አንድ ቀንና ሌሊት ይበቃዋል፤ በክረምት ግን የአየሩ እርጥበት ስለሚያዘገየው ሌላ ቀን ጨምሩለት።

የት ላይ ማቆም ይገባል?

ሲደርቅ ባርኔጣውን ደፍታችሁ መስታወት ፊት ቁሙ። ክፈፉ ከሁለቱም ጆሮ እኩል ከራቀ፣ ፊቱም በአንድ ጣት ወርዶ በአንድ ጣት ከተነሣ ሥራው አልቋል። የቀረች ትንሽ መወላገድ ካለች ሌላ ቀን በእንፋሎት መልሱት፤ በአንድ ቀን ደጋግሞ ማሞቅ ፌልቱን ያጠባል።

ሲታጠፍ የመሰንጠቅ ድምፅ ከሰማችሁ፣ ፌልቱ ንብርብሩ ከተለያየ፣ ወይም ሁለት ጊዜ በእንፋሎት ሞቆ አልታዘዝ ካለ ግን ከዚያ በላይ አትግፉ። የተወላገደን ክፈፍ ባለሙያ ያቃናዋል፤ የተሰነጠቀን ፌልት ግን ማንም እንደ ቀድሞው አያደርገውም። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱን ካያችሁ ባርኔጣውን እንዳለ ለባለሙያ አስረክቡ።