ባቡር የቆረቆራት ከተማ

ከሎንዶን በስተ ደቡብ 58 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ሄይዋርድስ ሂዝ የምትባል አነስተኛ የእንግሊዝ ከተማ ትገኛለች። ከነዋሪዎቿ ብዙዎቹ ጧት በባቡር ወደ ሎንዶን ለሥራ ሄደው ማታ የሚመለሱ ናቸው። የአስተዳደግዋ ታሪክ ሱቅ ለሚከፍት ነጋዴ ሁሉ ትምህርት ስለሚሰጥ፣ ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እየጠቀስን ባጭሩ እናቀርበዋለን።

ስፍራው አስቀድሞ ቁጥቋጦ የበቀለበት ሜዳ ነበር። ንግዱ ያለው በአቅራቢያዋ ባለችው በከክፊልድ ነበር። ከሎንዶን ወደ ብራይተን የሚመላለሱት የፈረስ ሠረገላዎች በዚያ ያልፉ ስለ ነበር፣ ባለሱቁም ሆነ መንገደኛ አሳዳሪው በዚሁ ይጠቀም ነበር። የባቡር ሐዲድ በተቀየሰ ጊዜ ግን የከክፊልድና የጎረቤትዋ የሊንድፊልድ ሰዎች በደጃፋቸው እንዳያልፍ እንደ ተቃወሙ ይነገራል። ስለዚህ ሐዲዱ በሁለቱ መካከል ሜዳውን አቋርጦ አለፈ፤ ጣቢያውም በ1841 ዓ.ም. በጁላይ ወር ተከፈተ። መስመሩ በዚያው ዓመት ብራይተን በደረሰ ጊዜ የሠረገላው ንግድ ወደቀ፤ የከክፊልድም ገበያ ቀዘቀዘ። በሜዳው ላይ ግን ቤትና ሱቅ ይሠራ ጀመር። በጣቢያው አጠገብ የቆመውም የከብት ገበያ እጅግ የታወቀ ሆነ።

በ1933 ዓ.ም. ባቡሩ በኤሌክትሪክ መሄድ ስለ ጀመረ፣ በሎንዶን እየሠሩ በዚህች ከተማ መኖር ይበልጥ ተመቸ። የከብቱም ገበያ በ1989 ዓ.ም. ተዘግቶ በቦታው ትልቅ የሸቀጥ መደብር ተተካ። ዛሬ የነዋሪው ቁጥር ከ30 ሺህ በላይ ነው።

ነገር ግን ገቢዋ ከሌላ ከተማ ደመወዝ የሚመጣ ከተማ ስጋት አያጣትም። በ2020 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ብዙ ሰው ከቤቱ እንዲሠራ በተደረገ ጊዜ ባቡሮቹ ባዶአቸውን ይሄዱ ጀመር። በ2021 ዓ.ም. በእንግሊዝ በ28 ቀን ውስጥ 8 ቀን ብቻ የሚያስኬድ ቲኬት መሸጡ፣ የመንገደኛው ልማድ መለወጡን ያሳያል። ሠራተኛው ከቤቱ በዋለ ቀን በጣቢያው በር ቡና የሚሸጠው ይጎዳል፤ በሰፈር ያለው ባለሱቅ ግን ይጠቀማል።

እንግዲህ ነጋዴ የሱቅ ኪራይ ከመዋዋሉ በፊት፣ ደንበኛው በየትኛው መንገድና በስንት ሰዓት እንደሚያልፍ፣ ገንዘቡንም ከየት እንደሚያገኝ አጥብቆ ይመርምር። መንገዱ በተለወጠ ጊዜም እንደ ከክፊልድ ከመቃወም ይልቅ ቀድሞ መገኘት ይሻለዋል።